አገር ስጠኝ

ይህችን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ የላክን እኛ ባልና ሚስት ነን። ከእኛ አንደኛው የሃምሳ አለቅነት ማዕረግ ያለው የሠራዊቱ አባል ሲሆን፣ ሁለተኛይቱ ደግሞ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ስትዘዋወር አራት ልጆች ያሳደገች የቤት እመቤት ናት። እየተቀባበልን የጻፍነው በመሆኑ በአንዳንድ ቦታ የአንዳችን ድምፅ ከሌላው ጎልቶ ቢሰማ አንባቢ ይታገሠን ዘንድ እንለምናለን። ባልተስማማንበትም ስፍራ አለመስማማታችንን ሳንደብቅ እናስቀምጣለን።

ነገሩ የጀመረው በውኃ ወረፋ ነው። በ2010 ዓ.ም. እንኖርበት በነበረው ሰፈር ሃያ አራት ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሠርተው ነበር። ለሁሉም የተመደበው ቦኖ አንድ ብቻ ነው። ውኃውም የሚመጣው ቀን እየዘለለ ስለ ነበረ ወረፋው እንደ ጥበቃ ተራ የከበረ ነበር። ባለቤቱ ባይኖር ጀሪካኑ ይሰለፋል፤ ጀሪካን ያጣ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ይከበራል።

ከዕለታት አንድ ቀን ትልቁ ልጃችን፣ ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ፈተናውን ከመቶ ዘጠና ስምንት አግኝቶ ወረቀቱን እያውለበለበ ከትምህርት ቤት መጣ። ደስ ብሎን መርቀነው ውኃ እንዲቀዳ ላክነው። ከወትሮው ፈጥኖ ተመለሰ። ፍጥነቱ ገርሞን ሳናበቃ ጎረቤታችን የዐሥር አለቃው ባለቤት፣ የመውለጃ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ ወገቧን ይዛ ደጃችን ላይ ቆመች። ልጃችን የእርሷን ጀሪካን ወደ ኋላ ገፍቶ የእኛን ከፊት አስገብቶ ኖሯል። «እትዬ፣ ልጅ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ግን ጀሪካኑን ሲገፋ ዐይኔን እያየ ነው» አለች። ከጀሪካኑ ይልቅ ያስከፋት ይኸው ነበር።

የቀዳነውን ለእርሷ ገልብጠን ይቅርታ ጠይቀን ሸኘናት። ከዚያም ልጁን አስቀምጠን «ፍትሕ ማለት ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅነው። ምራቁን እንኳ ሳይውጥ የመጽሐፉን ትርጓሜ ከነነጠላ ሰረዙ አነበነበልን። በዚያን ጊዜ በመማሪያው መጽሐፍ ዐሥራ አንድ ምዕራፎች ነበሩ፤ የዴሞክራሲ ሥርዐት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት እያለ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት ይወርዳል። ልጃችን ዐሥራ አንዱንም ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው ግን ረግጧቸው እንደማያውቅ ከተሞች በስማቸው ብቻ ነው። መምህሩን አንወቅስም፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ታጉሮ እንደሚማር እናውቃለን። እኛም ብንሆን ቤት ውስጥ ያስተማርነው በቁጣና በምክር ነበር፤ ሁለቱም በአንዱ ጆሮ ገብተው በሌላው የሚወጡ ናቸው።

በዚያው ወር ከእኛ ሃምሳ አለቃው ለግዳጅ ሲጓዝ መኪና ተገልብጦ እግሩ ተሰበረና በሦስት ወር የሕመም ፈቃድ ቤት ገባ። ወታደር ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል የዚህ ዓምድ አንባብያን ያውቁታል። ለሁለት ሳምንት ያህል የድስቱን ክዳን ሳይቀር ሊያዝ ቃጣው። በሦስተኛው ሳምንት መብራት በየማታው መጥፋት ሲጀምር፣ ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ በረንዳ ላይ መቀመጥ ለመደ። የሰፈሩም ልጆች ጨለማውን ሲሸሹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ እርሱ ተሰበሰቡ። የሚያጫውታቸው ቢያጣ አያቶቹ ያጫወቱትን እንቆቅልሽ አመጣላቸው።

እንቆቅልሽን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ ሆኖም የነገራችን ምሰሶ ስለ ሆነ እናስታውሰዋለን። ጠያቂው «እንቆቅልህ!» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ!» ይላል። መልሱ የጠፋበት እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተጠያቂውም አንድ አገር ጠርቶ ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ጥቂት ከተንጎራደደበት በኋላ መልሱን ይገልጥለታል። ስናስበው የሚያስገርም ነው፤ አባቶቻችን ላለማወቅ የወሰኑት ዋጋ ብር ወይም ኩርኩም ሳይሆን አገር ነበር። ተሸንፎ ለመክፈል እንኳ የአገርን ስም ማወቅ ያስፈልጋል።

የጦር ሰፈር ልጆች ደግሞ በዚህ ዋጋ ባለጸጎች ናቸው። ሌላው ልጅ ጎንደርንና ሐረርን ሲጠራ የእኛዎቹ ጎዴን፣ መተማን፣ ሞያሌን፣ ጂንካን ይጠራሉ። አባት የሄደበትን ሁሉ፣ እናት ዕቃ ጠቅልላ የተከተለችበትን ሁሉ ያውቁታል። እንቆቅልሹንም ከራሳቸው ኑሮ ይፈጥሩት ጀመር። ትንሿ ልጃችን «ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ይውላል፤ ወታደር ግን አይደለም» ብላ ጠይቃ በረንዳው ሙሉ ሰው መልሱን አጥቶ ስምንት አገር ሰብስባለች። መልሱ ጀሪካን ነው። ታላቅ ወንድሟ በሰማ ጊዜ አንገቱን ደፋ።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ማታ ነው። ከማዶው ረድፍ የምትመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ በሰላም አስከባሪነት ሶማልያ ውስጥ ባይዶዋ ነበረ። እንቆቅልሹ ጠፋባትና «አገር ስጪኝ» ተባለች። ድሬዳዋን ሰጠች፤ ተወሰደ። ነቀምትን ሰጠች፤ ተወሰደ። እንዲህ እየሰጠች የምታውቀው ሁሉ አለቀባት። ጠያቂው ልጅ «ባይዶዋ ይቀርሻል» አላት። «ባይዶዋን አልሰጥም» አለች። ሳቁባት። እርሷ ግን አልሳቀችም። «አባቴ አለበት፤ አልሰጥም» ብላ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ ሃምሳ አለቃው «በቃ፣ ተዋት» ብሎ ለማዘዝ አፉን ከፍቶ ነበር። ሚስቲቱ ክንዱን ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኘችው። እንዴትስ እንደሚወጡት እንይ አልን። ልጆቹም ሁለት ወገን ሆኑ። አንደኛው ወገን «ደንብ ደንብ ነው፤ ለእርሷ ከተተወ ለእኔም ይተውልኝ» ይላል። ሌላው «አባትን የሚያስጥል ደንብ አይደለም» ይላል። ወደ ግማሽ ሰዓት ተሟገቱ። ከመካከላቸው በዕድሜ አነስ ያለ አንዱ፣ ከዚያ በፊት ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ፣ «ለሁላችንም አንድ አንድ የማይሰጥ አገር ቢኖረንስ?» አለ። ጸጥ አሉ። ከዚያ እጅ አውጥተው ተስማሙበት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ የማይሰጠውን አገር አስቀድሞ ይናገራል፤ ያንንም ማንም አይጠይቀውም።

ለእኛ ይህ ከዘጠና ስምንቱ የበለጠ ነበር። የደንብን እኩልነት አላፈረሱም፤ የልጅቱንም ልብ አልሰበሩም። አንዷን ያስጨነቀው ነገር የሁሉም መብት ሆኖ ወጣ። ይህን ከመጽሐፍ አንብበውት ቢሆን ኖሮ ለፈተና ያጠኑት ነበር እንጂ አይሟገቱለትም ነበር።

ጨዋታ ለቁም ነገር መዋሉ የእኛ ግኝት እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። ወታደር አንባቢ የሚከተለውን ሳያውቀው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ መድፈኛ መኮንን በካርታ ላይ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለአንድ ዳኛ በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም ለእያንዳንዱ የሚነግረው የእርሱ ጦር ሊያይ የሚችለውን ብቻ ነው። ዛሬ በብዙ አገር መኮንኖች የሚማሩበት የካርታ ልምምድ ከዚያ የወረደ ነው። በአሜሪካም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከሥራቸው ከተሰናበቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣቶች በኮምፒዩተር ጨዋታ የመንግሥትንና የፍርድ ቤትን አሠራር የሚማሩበት አይሲቪክስ የተባለ ድርጅት አቋቁመዋል። ልጁ ሕገ መንግሥትን ከማንበብ ይልቅ ጠበቃ ሆኖ ደንበኛው መብት ያለው መሆን አለመሆኑን ይለያል።

ጨዋታ ግን የታሰበለትን ብቻ ያስተምራል ብሎ መታመን አይገባም። ኤልዛቤት ማጊ የምትባል አሜሪካዊት የመሬት ባለቤቶች በኪራይ ሌላውን እንዴት እንደሚያደኸዩ ለማሳየት ብላ የባለርስት ጨዋታ የሚባል ፈጠረች፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት አገኘችበት። እ.ኤ.አ. በ1935 ሞኖፖሊ በሚል ስም ገበያ ላይ የዋለው የታወቀው ጨዋታ ከዚያ የተወለደ ነው። ዛሬ የሚጫወተው ሰው ጓደኛውን ባዶ እጁን አስቀርቶ ይስቃል። ሴትዮዋ ያሰበችው ሌላ፣ የደረሰው ሌላ። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኛም በረንዳ ይኸው ደርሷል።

እንደሚታወቀው ልጆች ሌባና ፖሊስ ይጫወታሉ። የሰፈራችንም ልጆች ቀን ቀን በሁለቱ ረድፎች መካከል ሲጫወቱ እንሰማቸዋለን፤ ሁካታቸው የሰላም ምልክት ነው ብለን አንመለከታቸውም ነበር። እግሩ የተሰበረ ሰው ግን ከበረንዳ ያያል። ሁልጊዜ ሌባ የሚሆነው አንድ ልጅ መሆኑን ሃምሳ አለቃው አስተዋለ። ልጁ ወደ ሰፈሩ ከገባ ዓመት አልሞላውም፤ አፉን የፈታው በሌላ የአገራችን ቋንቋ ስለ ሆነ አማርኛው ይሰባበራል። ፖሊሶቹ ሰባት ይሆናሉ፣ እርሱ ብቻውን ይሮጣል። ይይዙታል፤ እጁን ይጠመዝዙታል፤ ደግሞ ይለቁትና ይሮጣል። ትልቁ ልጃችን ከፖሊሶቹ አንዱ ነበር።

ልጁን ጠርተን «ለምን ሁልጊዜ ሌባ ትሆናለህ?» ብንለው «ካልሆንኩ አያጫውቱኝም» አለን። በአገራችን በዚያ ዘመን በትልልቆቹ ዘንድ የሚሰማው ንግግር ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ አያስፈልግም። ልጆቹ ያንን ከእኛ ከወላጆች ማዕድ ላይ ለቅመው መንገድ ላይ መጫወታቸው ነበር። እኛም ከዚያ ማዕድ ነጻ አልነበርንም።

ዕጣ እንዲሆን ተደረገ። በቁራጭ ወረቀት ዳኛ፣ ሌባ፣ ፖሊስ፣ ምስክር፣ ነጋዴ እየተባለ ይጻፋል፤ ተጠቅልሎ በባርኔጣ ውስጥ ይጣላል፤ የደረሰውን ማንም አይመልስም። ሌባ የሆነውም ቢያዝ አይጠመዘዝም፤ ዳኛ ፊት ቀርቦ ምስክር ይሰማበታል። ምስክሩ ያላየውን አየሁ ካለ ሌባው ነጻ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ደንብ የራሳቸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ትልቁ ልጃችን ሌባ ደረሰው፤ ያ ሌባ የነበረው ልጅም ዳኛ። የተበቀለው መስሏችሁ ይሆናል። የምስክሩን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠይቆ ማስረጃው አልበቃኝም ብሎ ለቀቀው። ልጃችን ያን ማታ እራቱን ዝም ብሎ በላ።

ችግሩ የመጣው ዕጣው የአንድ አለቃ ልጅ ላይ ሲወድቅ ነው። እናቲቱ በበነጋው መጥተው «ልጄን በሰፈር ሙሉ ሌባ ታስብሉታላችሁ?» አሉን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በወሊድና በኀዘን ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። ነገር ግን በጦር ሰፈር ማዕረግ በር ላይ የሚወልቅ ጫማ አይደለም፤ ከሚስትና ከልጅ ጋር አብሮ ይኖራል። እዚህ ላይ እኛ ባልና ሚስት ተለያየን። ሃምሳ አለቃው «ጨዋታ ነው፤ ለጨዋታ ብለን የክፍሉን ሰላም አናደፈርስም፤ ለእርሱ ሌባ የሚለው ዕጣ ይውጣለት» አለ። ሚስቲቱ «ለእርሱ ከወጣለት ያ የፊተኛው ልጅ ተመልሶ ሌባ ሊሆን ነው፤ ደንቡን ካጠፋነው በረንዳውን እንዝጋው» አለች። ሁለት ቀን ተኳረፍን። አሁንም ቢሆን እርሱ የፈራው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ፣ እርሷም ልክ እንደ ነበረች ሁለታችንም እናምናለን፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ሚስቲቱ ቡና አፍልታ እናቲቱን ጠራች። ደንቡን አስረዳች፤ የራሳችን ልጅ ሌባ ደርሶት ዳኛ ፊት መቆሙንም ነገረቻቸው። እናቲቱ ቡናቸውን እስከ ሦስተኛው ጠጥተው «እንግዲህ እኔ አልልክም» ብለው ሄዱ። ልጁም ቀረ። ዐሥራ ስድስት ቀን ያህል አልመጣም። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ ከበረንዳው ጫፍ ተቀምጦ አየነው። ማንም ምንም አላለውም። ባርኔጣው ሲዞር እጁን ሰድዶ አንዱን ወረቀት አነሣ። እናቱ ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅንም።

የእንቆቅልሹ ማታዎችም አልቀሩም ነበር። ከፍርዶቹ ሁሉ የከበደው የመጣው ከዚያ ነው። ያ አማርኛው የሚሰባበረው ልጅ የማይሰጠውን አገር ተጠይቆ አንዲት የገጠር መንደር ጠራ። ትልቁ ልጃችን «እንዲህ የሚባል አገር የለም» አለ። «አለ» አለ ልጁ። «የለም፤ ፈጥሮት ነው።» ነገሩ እየጋለ ሄዶ «ውሸታም» ተባባሉ። ካርታ ይምጣ ተባለ። ከትምህርት ቤት በተዋስነው ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ በባትሪ ብርሃን ቢፈለግ መንደሪቱ የለችም። ልጃችን በአሸናፊነት ወደ እኛ ዞረ። ልጁ ካርታውን ትኩር ብሎ አይቶ «እናቴ እዚያ ነው የወለደችኝ» አለ።

ሃምሳ አለቃው ይህ ጉዳይ በተጠየቅ መታየት እንዳለበት ወሰነ። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሁለት ባለጉዳዮች ሲካሰሱ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ከዛፍ ጥላ ሥር እንዲዳኛቸው ያደርጉ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም እንዳይጠፋፉ በቁራኛ ይተሳሰራሉ፤ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በአንደበቱ የረታ ሰው ስሙ ከአገር አገር ይወራለት ነበር። እኛ ይህን ከሽማግሌዎች ስንሰማ ያደግን ስለ ሆነ ለልጆቹ ነገርናቸው። ቁራኛው እንዳለ በጣም ደስ አላቸው። ወዲያው አንድ ነጠላ መጣና የሁለቱ ልጆች ወገብ ለወገብ ታሰረ። ፍርዱ ምስክር እስኪገኝ ድረስ ለነገ ተቀጠረ፤ ቁራኛው እንዲፈታ ግን ዳኞቹ አልፈቀዱም።

እንግዲህ ሁለቱ ልጆች የዚያን ሌሊት እንደ ታሰሩ ነበሩ። የልጁ እናት መጥታ ጉዳዩን በሰማች ጊዜ ነጠላውን አይታ በሳቅ ፈርሳ «ይደር» አለች። ከአንድ ትሪ በሉ፤ አንዱ ወጥ ለመጨለፍ ሲያዘነብል ሌላው አብሮ ይዘነብላል። ውኃ ሽንት ቤትም አብረው ሄዱ፤ በዚያ ስለ ተደረገው ስምምነት ምንም አልተነገረንም። ተጣልተው ስለ ነበረ መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር። ከተኙ በኋላ ግን በግድግዳው በኩል ሹክሹክታ እንሰማለን። ትልቁ ልጃችን «ታዲያ ወንዝ አላት?» ሲል ሰማነው። ሌላው መልሱን በቋንቋው ጀምሮ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንቅልፍ ወሰደን።

በማግስቱ ምስክር ፍለጋ ተጀመረ። ልጁ የእናቱን ምስክርነት ቢያቀርብ ልጃችን «ዘመድ አይመሰክርም» ብሎ ተቃወመ፤ ዳኞቹም ተቀበሉት። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኦራል ሾፌር፣ ዕድሜው የገፋ ዐሥር አለቃ፣ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ከዳኞቹ አንዷ መንገድ መካከል ቆማ «በሕግ አምላክ!» አለችው። ያች ባይዶዋን አልሰጥም ያለችው ልጅ ናት። ሾፌሩ ስንቁን መሬት አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ። የመንደሪቱ ስም በተጠራለት ጊዜ ጥቂት አሰበና «ከወንዙ አፋፍ ላይ ያለችው? ትልቅ ሾላ ያለባት? ራዲያተሬ ፈልቶ ውኃ የሰጡኝ እዚያ ነው» አለ። በዚያን ጊዜ የልጁን ፊት ብታዩት እንወድ ነበር። ሾላውን ሰምቶ በቋንቋው አንድ ቃል ተናገረ፤ ሾፌሩም በዚያው ቋንቋ መለሰለት።

ዳኞቹ ተነጋግረው ሁለት ነገር ፈረዱ። መጀመሪያ መንደሪቱ መኖሯ ስለ ተረጋገጠ «የለም» ያለው ይቅርታ ይጠይቅ። ሁለተኛ ጥፋቱ የካርታው ስለ ሆነ ካርታው ይታረም። ካርታው የትምህርት ቤት ንብረት በመሆኑ በላዩ ላይ መጻፍ እንደማይቻል ብናስረዳቸው «ታዲያ የራሳችንን ግዙልን» አሉ። በሚቀጥለው ደመወዝ ገዛን። ትልቁ ልጃችን በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አድርጎ ስሙን ጻፈበት። የመንደሪቱን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ የማይሰጥ አገር ነውና።

በዚያ ዓመት ሌላም ሌላም ጨዋታ ነበረ። ገበጣ በመሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን በባቄላ አጫውተናል፤ ጠጠሩን እየዘራህ ስትሄድ ወደ ባላጋራህም ጉድጓድ ሳትሰጥ ማለፍ የማትችል መሆንህ ደስ ይለናል። ሃምሳ አለቃው የድሮውን የአገራችንን ሰንጠረዥ ለማስተማርም ሞክሮ ነበር። በመክፈቻው፣ ወረራ በሚባለው ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያንቀሳቅሳሉ። ልጆቹ ይህን ክፍል ብቻ ወደዱት፤ ተራ መጠበቅ ሲጀመር ሰሌዳውን ትተው ይሮጣሉ። አልተሳካም፤ ተውነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ስንጽፍ ልጆቹ መላእክት ሆኑ ማለታችን አይደለም። ትልቁ ልጃችን ከዚያም በኋላ ዋሽቷል፣ ተደባድቧል፣ አንድ ጊዜም የሾፌሩን የእጅ ባትሪ ሰብሮ ደብቋል። የጀሪካኑን ነገር ግን አልደገመም። በዚያው ሰሞን ያች ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ዐራስ ሳለች ወረፋዋን ሲጠብቁ የነበሩት ሁለቱ ቁራኞች ናቸው። ይህን ያዘዛቸው የለም። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ተለውጠዋል፤ ትምህርቱም ለትንንሾቹ ግብረ ገብ፣ ለትልልቆቹ የዜግነት ትምህርት ተብሏል። የሁለቱ ታናናሾች ደብተር ሲመጣ እናያለን፤ ጥሩ ጥሩ ቃል አለበት። እኛም ጎን ለጎን ባርኔጣውን እናዞራለን። ልጆቻችሁ ስልክ ይዘው ጥግ ጥግ ተቀምጠው ከሆነ፣ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ የለባችሁም፤ አንድ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ «እንቆቅልህ» ቢል ይበቃል። ወላጅ ደንብ አውጪ መሆን እንዳይቸኩል ግን እናሳስባለን፤ ከእኛ ሃምሳ አለቃው እስከ ዛሬ ለማዘዝ አፉን ይከፍታል፣ ክንዱም ይጎሸማል።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም የዚያ ልጅ አባት ተዛወሩ። ዕቃቸው በዚያው ሾፌር ኦራል ተጭኖ ሄደ። እኛም ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተዛውረናል፤ ካርታው ከቤት ቤት እየተጠቀለለ ዛሬም ግድግዳችን ላይ ነው። ሁለቱ ልጆች አሁን ጎረምሶች ናቸው፤ በስልክ ይገናኛሉ። ባለፈው ዓመት ልጁ በእረፍት መንደሩን ለማየት ሄዶ ሳለ ደውሎ፣ ልጃችን ነጥቡን ያደረገው ከወንዙ በስተ ደቡብ ቢሆንም መንደሪቱ በስተ ሰሜን ነች ሲል ይግባኝ አቀረበ። ልጃችን የሾፌሩን ቃል ጠቅሶ ተከራከረ። ሾፌሩ በጡረታ ከተሰናበተ ቆይቷል፤ የት እንዳለ እያጠያየቅን ነው። ነጥቡ ለጊዜው ባለበት እንዲቆይ ተፈርዷል።